ስለ ከርከሮ አደን፤ ጀማሪ አዳኝ የመጀመሪያ ጠመንጃውን እንዴት ሊመርጥ እንደሚገባው

በቆሎ እሸት በሚይዝበት ማሽላም በሚያፈራበት ወራት የገበሬው ዋና ሥራ ማረስ ቀርቶ መጠበቅ ይሆናል። ቀን ዝንጀሮና ከርከሮ፣ ሌሊት ደግሞ የዱር ዓሣማና ጃርት እህሉን ስለሚያጠፉበት ቤተ ሰቡ ተራ በተራ ማማ ላይ እየወጣ በወንጭፍ፣ በጅራፍና በጩኸት ሲከላከል ይከርማል። ዓሣማ ከሚበላው ይልቅ እየረገጠና እየገነደሰ የሚጥለው ይበልጣልና፣ አንድ መንጋ አንድ ሌሊት የገባበት ማሳ ሲነጋ ሲያዩት ያሳዝናል። ከዚህ የተነሣ በየዓመቱ በዚህ ወራት አንዳንድ ገበሬ፣ በከተማም ተቀምጦ በገጠር እርሻ ያለው ሰው «ጠመንጃ ልግዛ» የሚል አሳብ ያድርበታል። ጠመንጃ ይዞ የማያውቅ ሰው ደግሞ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም «የትኛው ይበረታል?» የሚል ነው። ሊጠየቅ የሚገባው ግን የትኛው ጠመንጃ በዚህ ሰው እጅ፣ በዚህ ማሳ ላይ፣ የታሰበውን አውሬ ብቻ በአንድ ጥይት ይጥላል የሚለው ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያየ መልስ አላቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሕጉ ይታወቅ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ደግሞ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። እነዚህ ሁለት ፈቃዶች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም፤ አንዱም ሌላውን አይተካም። መሣሪያ እንዲይዝ የተፈቀደለት ሰው ስለዚህ ብቻ አዳኝ አይሆንም። ገንዘቡን ከፍሎ፣ ጠመንጃውን ቤቱ ካስገባ በኋላ ፈቃድ ለመጠየቅ የሚመጣ ሰው ነገሩን ከጭራው ስለ ጀመረው ገንዘቡንም መሣሪያውንም ሊያጣ ይችላል። የትኛው ዓይነት መሣሪያ ለግለሰብ እንደሚፈቀድም አስቀድሞ ከሚመለከተው ክፍል ጠይቆ መረዳት ያሻል።

እህል ጠፋብኝ የሚል አቤቱታ ሲቀርብ የወረዳው ሹም ወይም የዱር እንስሳት ባለሙያው ማሳውን በዓይኑ ሳያይ አሳብ ባይሰጥ መልካም ነው። በዓሣማ የሚሳበበው ጥፋት አንዳንድ ጊዜ የሌላ አውሬ ሥራ ሆኖ ይገኛልና። የዓሣማ ወገን የሆነ ሁሉ ባለ ሁለት ሰኮና ዱካ ይተዋል፤ መሬቱንም በአፍንጫው እንደ ማረሻ ይገለብጠዋል። ጃርት ግን አገዳውን ከሥሩ አካባቢ በጥርሱ ቈርጦ ይጥላል፤ እሾሁንም እዚያው ጥሎ ይሄዳል። ለጃርት ጠመንጃ የገዛ ሰው ትርፉ ወጪ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ አውሬው እንመለስ። በሕዝብ አነጋገር «ከርከሮ» የሚለው ስም ለብዙ ይሰጣል፤ ለአዳኝ ግን መለየቱ ይጠቅመዋል። እውነተኛው ከርከሮ፣ ፊቱ ላይ እንደ ኪንታሮት ያለ እብጠት ያለው፣ ሲሮጥ ጅራቱን እንደ በትር የሚያቆመው፣ ቀን የሚሰማራ አውሬ ነው። ሣር ሲግጥ በፊት እግሮቹ ይንበረከካል፤ ሲመሽ ሌላ አውሬ በቈፈረው ጉድጓድ ውስጥ የኋሊት ገብቶ፣ ጥርሱን ወደ ጉድጓዱ አፍ አድርጎ ያድራል። ወንዱ ከ60 እስከ 150 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ሴቷ ከዚህ ታንሳለች። የዱር ዓሣማ የሚባለው ሌላው ደግሞ ጠጕረ ረጅም፣ በጥሻ ውስጥ የሚውልና ይልቁንም ሌሊት የሚወጣ ነው፤ ክብደቱም ከ50 እስከ 115 ኪሎ ግራም ያህል ይደርሳል። በበቆሎና በሥራ ሥር ተክል ላይ ብዙ ጥፋት የሚያደርሰው ይህ ነው። በደቡብ ምዕራብ ደኖች የሚኖረው ታላቁ የደን ዓሣማ ከሁለቱም የሚከብድና ለጀማሪ የማይሆን ስለ ሆነ እዚህ አይነገርለትም።

የከርከሮን አደን ከሌላው አደን የሚለየው አንድ ነገር አለ። በጥንቱ ልማድ አንበሳ፣ ዝሆን፣ ጎሽ የገደለ ሰው ግዳይ ጥሎ ይፎክር ነበር፤ ከርከሮ ግን ከዚህ ክብር አልተቈጠረም። ሥጋውንም የኦርቶዶክስ ክርስቲያኑም ሆነ እስላሙ አይበላውም። እንግዲህ የሚታደነው ለስምም ለሥጋም ሳይሆን እህልን ለማዳን ብቻ ነው። ከዚህ የሚመጣውን ጣጣ ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ሥጋ ፈላጊ አዳኝ ያቈሰለውን አውሬ ደሙን ተከትሎ እስኪያገኘው ድረስ አይመለስም። ከርከሮን ያቈሰለ ሰው ግን «ከማሳዬ ወጥቷል፤ ይበቃኛል» ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል። የቈሰለው አውሬም በማግሥቱ በቍጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ ሳለ እንጨት ለቀማ የወጣች ሴት ወይም ከብት የሚጠብቅ ልጅ ይደርስበታል። የታችኛው ጥርሱ ከላይኛው ጋር እየተፋተገ እንደ ቢላዋ የተሳለ ስለ ሆነ፣ ከታች ወደ ላይ ሲመታ ጭንን ይሰነጥቃል። ስለዚህ የመጀመሪያ ጠመንጃ ሲመረጥ የሚታሰበው ስለ ገዢው ብቻ አይደለም፤ ስለዚያች ሴትና ስለዚያ ልጅ ጭምር ነው።

አውሬው በአንድ ጥይት እንዲወድቅ እርሳሱ ልብንና ሳንባን ማግኘት አለበት። የዓሣማ ልብ ብዙ ሰው ከሚገምተው ይልቅ ወደ ታችና ወደ ፊት ያለ ነው፤ ከጎን ሲታይ በፊት እግሩ አንጻር፣ ከደረቱ ዝቅተኛ ክፍል ይገኛል። የሚመታውም ቦታ ስፋቱ የአንድ ትንሽ ሰሐን ያህል፣ ማለት 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ወደ ኋላ ቢያልፍ ሆድ ነው፤ ሆዱን የተመታ ዓሣማ ሩቅ ሄዶ ይሞታል።

ይህን ለመፈጸም የሚበቃው ጠመንጃ የቱ ነው? በእጅ የሚቀለው፣ ዋጋውም የሚረክሰው ባለ 22 ካሊበር ትንሽ ጠመንጃ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም። የእርሳሱ ክብደት 2.6 ግራም ያህል ሲሆን የምቱ ኃይል 200 ጁል እንኳ አይሞላም፤ አውሬውን ያቈስለዋል እንጂ አይጥለውም። የጀርመን አገር የአደን ሕግ ለዱር ዓሣማ የሚተኰሰው ጥይት ከ6.5 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ፣ በ100 ሜትር ርቀት ላይም ቢያንስ 2000 ጁል ኃይል እንዲኖረው ያዝዛል። የእነርሱ ዓሣማ ከኛ ከርከሮ ዝርያው ልዩ ቢሆንም በክብደት የሚቀራረብ ስለ ሆነ ይህ ልክ ለኛም ጥሩ መለኪያ ነው።

በዚህ መለኪያ ሲታይ የሚበቁት ብዙ ናቸው። ከ1892 ጀምሮ በአውሮፓ አቈጣጠር የሚሠራው ባለ 7 ሚሊ ሜትር ማውዘር፣ ከ1906 ጀምሮ ያለው 30-06፣ በ1952 የወጣው 308 ዊንቸስተር ሁሉም ከሚፈለገው በላይ ኃይል አላቸው። በ1955 የወጣው 243 ዊንቸስተር በኃይሉ ልኩን ያልፋል፤ በስፋቱ ግን 6.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ የጀርመን ሕግ ለዱር ዓሣማ አይቀበለውም። ምቱ በትከሻ ላይ ቀላል ስለ ሆነ ሰውነቱ ቀጭን ለሆነ ጀማሪ ይመረጥ ይሆናል፤ ነገር ግን ስሕተትን የሚሸፍንበት ኃይል ጥቂት ነው። ባለ 7 ሚሊ ሜትሩ ከእርሱ ብዙ ሳይራገጥ የተሻለ ሥራ ይሠራል።

ኃይል በበዛ ቁጥር ይሻላል የሚል ሰው ጎሽና ዝሆን የሚታደንበትን 375 መጠን ያለውን ጠመንጃ ይመኛል። ያ ጠመንጃ ሲተኰስ በትከሻ ላይ የሚያሳርፈው ምት ከ308 ምት ከእጥፍ ይበልጣል። ጀማሪ እንዲህ ያለውን ሁለትና ሦስት ጊዜ ከተኰሰ በኋላ፣ ምላጩን ገና ሳይስበው ዓይኑን መጨፈንና ትከሻውን ማሸሽ ይለምዳል። ይህ ልማድ አንድ ጊዜ ከገባ ለዓመታት አይለቅም፤ በትንሽ ጠመንጃም ቢተኩስ ይከተለዋል። ልብን የሚያገኝ 7 ሚሊ ሜትር ሆድን ከሚያገኝ 375 እጅግ ይበልጣል።

በብዙ ቦታ ዓይን የሚያርፍበት ክላሽንኮቭ ነው። መሣሪያው ብርቱና ለጥገና ቀላል መሆኑ አይካድም፤ ለዚህ ሥራ ግን የመጀመሪያ ምርጫ ሊሆን አይገባውም። ጥይቱ ከአፈሙዙ ሲወጣ ያለው ኃይል 2000 ጁል ገደማ ስለ ሆነ፣ 100 ሜትር ሲደርስ ከተባለው ልክ ያንሳል። ከዚህ ይልቅ የሚከፋው በልምድ የሚያመጣው ነገር ነው፤ በካዝናው 30 ጥይት የያዘ ጀማሪ የመጀመሪያውን በጥንቃቄ ከማነጣጠር ይልቅ ብዙ መተኰስን ይመርጣል። በተከታታይ ከተተኰሱት ጥይቶች አንዱ አውሬውን ቢያገኝ የቀሩት ወዴት ሄዱ? የሚለውን የሚመልስ አይገኝም። ቃታው በእጅ የሚሠራ፣ ባለ አምስት ጎራሽ ጠመንጃ ግን ተኳሹን በግድ ያስታግሠዋል።

ከጠመንጃው እኩል፣ ምናልባትም አስበልጦ፣ ስለ ጥይቱ ማሰብ ይገባል። ለጦር ሠራዊት የሚሠራ ጥይት እርሳሱ ዙሪያውን በጠንካራ ብረት የተለበጠ ነው። ምክንያቱም በ1899 በአውሮፓ አቈጣጠር በላሄ ከተማ በተደረገው ስምምነት በሰው አካል ውስጥ የሚፈነዳዳና የሚሰፋ እርሳስ በጦርነት ላይ ስለ ተከለከለ ነው። ለአደን የሚሠራው ግን ጫፉ ለስላሳ ሆኖ አውሬው ውስጥ ሲገባ እንዲሰፋና ኃይሉን እዚያው እንዲጨርስ ተደርጎ ነው። የጦር ጥይት የተመታውን ከርከሮ በጠባብ ቀዳዳ በስቶት ያልፋል፤ አውሬው ሮጦ ይጠፋል፤ እርሳሱም ገና ኃይሉን ሳይጨርስ ከበስተ ኋላ ያለውን ሁሉ ይፈልጋል። ድንጋይ ቢነካም አቅጣጫውን ለውጦ ሊበር ይችላል። ስለዚህ አንድ ጠመንጃ ምንም ያህል ቢያምር፣ የአደን ጥይቱ በሕጋዊ መንገድ በአገር ውስጥ የማይገኝለት ከሆነ ለጀማሪ የማይረባ ብረት ነው። አስቀድሞ ጥይቱን ጠይቆ፣ ከዚያ ጠመንጃውን መግዛት ይበጃል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ስለሚታለልበት ስለ አሮጌ ጠመንጃ መናገር ያስፈልጋል። ከአያት የተወረሰ፣ ወይም በርካሽ የተገኘ መሣሪያ በየቤቱ አለ። ወጨፎ በ1870 በአውሮፓ አቈጣጠር፣ ወጅግራም በ1874 የወጡ፣ በዓድዋም ጦርነት በ1888 ዓ.ም. ያገለገሉ ስመ ጥር መሣሪያዎች ናቸው። ሁለቱም የተሠሩት ለጥቁር ባሩድ ነው፤ የዛሬ ባሩድ የሚሰጠውን ግፊት እንዲሸከሙ አልተሠሩም። ከወጨፎዎቹ አንዳንዶቹ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኢጣልያ ውስጥ አፈሙዛቸው ተለውጦ ለ6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት እንዲሆኑ ተደርገዋል፤ እነዚህ ደግሞ ከሁሉ የሚያሰጉ ናቸው፤ የአዲሱ ጥይት ግፊት ለአሮጌው መቆለፊያ ይከብደዋልና። እንዲህ ያሉትን በግድግዳ ላይ ማክበር እንጂ መተኰስ አይገባም።

ከማውዘር ወገን የሆኑት፣ በተለይም በቤልጅግ አገር የተሠሩት፣ ተጠብቀው የተያዙ እንደ ሆነ ዛሬም ጥሩ የአደን መሣሪያ ይሆናሉ። በእነርሱም ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የማውዘር ጠመንጃ በ7፣ በ7.65 እና በ7.92 ሚሊ ሜትር ተሠርቷል፤ ከውጭ ሲያዩአቸው ግን መንታ ይመስላሉ። «ምንሽር» የሚለውም ስም በሕዝብ አፍ ለልዩ ልዩ ጠመንጃ ስለሚሰጥ፣ ስሙን አምኖ ጥይት መግዛት ከባድ አደጋ ያመጣል። ለሰፊው የተሠራ እርሳስ በጠባቡ አፈሙዝ ቢተኰስ የሚፈርሰው መቆለፊያው፣ የሚጐዳውም የተኳሹ ዓይን ነው። በአፈሙዙ ላይ የተቀረጸው ቍጥርና በቀለሁ ቂጥ ላይ የተጻፈው መስማማታቸው ይታይ፤ ጽሕፈቱ የጠፋ ከሆነ ግን የጠመንጃ ሠራተኛ በመሣሪያው ሳይለካው አይተኰስ።

አሮጌ ጠመንጃ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ራሱ ሊመረምራቸው የሚችላቸው ነገሮች አሉ። በመጀመሪያ ባዶ መሆኑን አይቶ ያረጋግጥ፤ ሻጩ «ባዶ ነው» ማለቱ አይበቃም። ከዚያ ቃታውን አውጥቶ፣ በአፈሙዙ ጫፍ በኩል ነጭ ጨርቅ ይዞ፣ ከኋላ ወደ ውስጥ ይመልከት። ጠመዝማዛው ጥርስ በጥርት የሚታይ ሊሆን ይገባዋል። በመካከል እንደ ቀለበት ያለ ጥቁር ጥላ ቢያይ፣ አፈሙዙ በአንድ ወቅት ውስጡ ተዘግቶ ሳለ ተተኵሶበት አብጧል ማለት ነውና ዋጋው ቢረክስም ይተወው። ጥቂት ዝገት ሊታገሡት ይቻላል። የአፈሙዙ አፍ በመወልወያ ዘንግ ተበልቶ ከክብነቱ የወጣ እንደ ሆነ ግን ጠመንጃው ምንም ቢነጣጠር ይስታል። እንጨቱ ከመያዣው በስተ ኋላ የተሰነጠቀ እንዳይሆን በጣት ይዳበስ፤ ሻጮች ስንጥቁን በሰምና በቀለም መሸፈን ያውቁበታል። በመጨረሻም ባዶውን ጠመንጃ ቃታውን ስቦ፣ ሰደፉን በጨርቅ ላይ ቀስ አድርጎ መሬት ይምታው፤ ምላጩ ሳይነካ መምቻው ከወደቀ መሣሪያው ሰው ገዳይ ነው። የቃታው መቆለፊያ ከቀለሁ ጋር መገጣጠሙን ግን በዓይን ማወቅ አይቻልም፤ ይህን ባለሙያ በመለኪያ ይየው። የሚከፈለው ዋጋ ከጥይት ሣጥን ዋጋ ብዙ የሚበልጥ አይደለም፤ ቢበልጥም ዓይን ያድናል።

አሮጌ የጦር ጥይት ለመለማመጃ የተኰሰ ሰው ደግሞ በዚያው ቀን አፈሙዙን በሙቅ ውኃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ዘይት ይቀባው። በዱሮው ጥይት መቀጣጠያ ውስጥ ጨው ያለበት ስለ ሆነ እርጥበት ስቦ አፈሙዙን ያዝገዋል፤ ዘይት ብቻውንም ጨውን አያጥበውም።

ስለ ልክ ጥቂት ይነገር። ጠመንጃው ከ3 እስከ 4 ኪሎ ግራም ቢመዝን መልካም ነው፤ እጅግ የቀለለው ብዙ ይራገጣል። ወደ ትከሻ ሲነሣ ዓይን ያለ ጭንቀት በማነጣጠሪያው ላይ ማረፍ አለበት፤ አንገቱን አርዝሞ ወይም ሰብሮ የሚያነጣጥር ሰው ሰደፉ አልሆነውም ማለት ነው። መነጽር ያለው ጠመንጃ ጀማሪን ይማርካል፤ ጎሕ ሲቀድና ሲመሽም በእውነት ይረዳል። ሆኖም ብዙ የሚያጎላ መነጽር በቅርብ ለሚተኰስ ዓሣማ ችግር ነው፤ በ30 እርምጃ ያለ አውሬ ጠጕሩ ብቻ ይታያል፤ ራሱ የት ጅራቱ የት እንደ ሆነ አይለይም። ከአራት እጥፍ የማያልፍ ይበቃል። አዳኙ አስቀድሞ በብረቱ ማነጣጠሪያ ቢማር ደግሞ መነጽሩ በተሰበረ ጊዜ አይቸገርም።

ስንት ሜትር ድረስ መተኰስ ይገባል ለሚለው ጥያቄ የሚመልሰው ጠመንጃው ሳይሆን ሰሐኑ ነው። ጀማሪው በተፈቀደለት የመለማመጃ ቦታ፣ ከኋላው የአፈር ግድግዳ ባለበት፣ የሰሐን ስፋት ያለው ክብ ወረቀት ሰቅሎ ከ50 ሜትር አምስት ጥይት ይተኩስ። አምስቱም ከክቡ ውስጥ ከገቡ ወደ 75፣ ከዚያም ወደ 100 ሜትር ይራቅ። አንዱ እንኳ የወጣበት ርቀት ለእርሱ ገና አልተፈቀደለትም። ጠመንጃው 300 ሜትር ይመታል ቢባልም የእርሱ ልክ 60 ሜትር ከሆነ በ60 ሜትር ይወሰን። ለጠመንጃው ከተመደበው ገንዘብ ሲሶው ለመለማመጃ ጥይት ካልቀረ፣ የተገዛው ጠመንጃ ለገዢው ውድ ነው ማለት ነው።

ከምርጫው ጋር የሚያያዝ ሌላው ታላቅ ነገር የመሬቱ አቀማመጥ ነው። 308ም ሆነ 30-06 ሽቅብ ቢተኰስ እርሳሱ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ትንሹ 22 እንኳ ከ1 ኪሎ ሜትር ያልፋል። በኛ አገር ገጠር በዚህ ርቀት ውስጥ ጎጆ፣ መንገድ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የማይገኝበት አቅጣጫ ጥቂት ነው። ሜዳ ላይ ቆሞ በበቆሎ መካከል የሚተኩስ ሰው ከአገዳው በስተ ኋላ ያለውን ስለማያይ በጭፍን ይተኩሳል። አባቶች ለወንጭፍ የሠሩት ማማ ለጠመንጃም ከሁሉ የሚሻል ስፍራ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። ሦስትና አራት ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሰው ወደ ታች ስለሚተኩስ፣ እርሳሱ አውሬውን ቢስተውም ሆነ በስቶት ቢያልፍ በጥቂት እርምጃ ውስጥ አፈር ውስጥ ይቀበራል። ከርቀት ሲሆን ግን የጥይቱ መንገድ እየተጋደመ ስለሚሄድ ይህ ጥቅም ይጠፋል፤ ከማማ ላይ ከ50 ሜትር የማያልፍ ዒላማ ብቻ ይመረጥ። ከማማ እንዲህ በቅርብ ለሚተኩስ ሰው አንድ ወጥ እርሳስ የሚጎርስ ባለ 12 ቍጥር የወፍ ጠመንጃም ይበቃዋል፤ እርሳሱ ከባድ ሆኖ በፍጥነት ኃይሉን ስለሚጨርስ ሰው በበዛበት ሰፈር ከረጅሙ ጠመንጃ ይልቅ የሚመረጥበት ጊዜ አለ።

በሌሊት ማንም ሰው በድምፅ ወይም በሚነቃነቅ አገዳ ላይ መተኰስ የለበትም። ጎረቤት የራሱን ማሳ ሊጠብቅ፣ የጠፋች አህያ ሊፈልግ፣ ልጅም ከማማ ወርዶ ሊሆን ይችላል። በባትሪ ብርሃን የአውሬው ራስና የፊት እግሩ ተለይቶ ካልታየ ጣት ወደ ምላጭ አይሂድ። አዋሳኝ ባለ ማሳዎችም ሁሉ ማን በየትኛው ሌሊት በየትኛው ማማ እንደሚያድር በቀበሌው በኩል አስቀድመው ቢተዋወቁ ብዙ ለቅሶ ይቀራል።

አውሬው ተመትቶ ከሮጠ ወዲያው አይከተሉትም። በጨለማ ጥሻ ውስጥ የቈሰለ ዓሣማን መከተል ለሠለጠነ አዳኝም አስጊ ነው። የተመታበትን ቦታ በእንጨት ምልክት አድርጎ፣ ሲነጋ ከሁለት ወይም ከሦስት ሰው ጋር ዱካውን መከተል ይገባል፤ እስከዚያው በአካባቢው ላሉ ቤቶች መናገር የተኳሹ ግዴታ ነው። የሞተውን ደግሞ እዚያው ጥሎ መሄድ አይገባም። ከርከሮና የዱር ዓሣማ ራሳቸው ሳይታመሙ የአፍሪካን የዓሣማ ወረርሽኝ በደማቸው ይዘው ይኖራሉ፤ ይህም በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1921 በአውሮፓ አቈጣጠር ከኬንያ በጽሑፍ የተገለጸ ሲሆን፣ ሰውን ባይነካም የቤት ዓሣማን ይፈጃል። የቤት ዓሣማ የሚያረባ ሰው ባለበት አካባቢ ሬሳው በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር።

ሌሊቱ ሲያልቅ፣ ከማማው ከመውረዱ በፊት፣ ተኳሹ ጥይቱን ሁሉ አውጥቶ ይቍጠር፤ ቃታውንም ክፍት ይተወው። ጠመንጃው በትከሻ ተንጠልጥሎ ሰው በመሰላል አይውረድ፤ በገመድ ታስሮ፣ ሰደፉ ወደ ታች ሆኖ ይውረድና ባለቤቱ ከዚያ በኋላ ይከተለው። ቤት ሲደርስ መሣሪያው በአንድ ሣጥን፣ ጥይቱ በሌላ ሣጥን ተቆልፎ፣ ቍልፎቹ ልጆች በማያውቁት ስፍራ ይቀመጡ፤ ማታ ይዞት የወጣውና ጠዋት ይዞት የገባው ጥይት ቍጥርም፣ የተተኰሰው ከነቀለሁ ተጨምሮበት፣ በደብተር ላይ ይጻፍ።